በታርጋ ጫፍ ላይ የምትለጠፍ ወረቀትና ሌቦቿ

ሌባ የሚሰርቀው ዋጋ ያለውን ዕቃ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር፣ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት ከመኪና ታርጋ ላይ እየተላጠች የምትወሰደውን አንዲት ተለጣፊ ወረቀት እንዲመለከት እንጋብዘዋለን። ይህች ወረቀት ከክብሪት ቀፎ ታንሳለች። አትበላም፣ አትጠጣም፣ ተፈትታም ለሌላ መኪና መለዋወጫ አትሆንም። ዳሩ ግን ባለመኪናው የዓመቱን የምዝገባ ገንዘብ መክፈሉን ለፖሊስ የምትመሰክር እርስዋ ስለ ሆነች፣ ሌሊት ምላጭ ይዞ የሚፈልጋት ሰው አላጣችም።

ነገሩን ለአገራችን ሰው ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ቦሎ የማያውቅ ባለመኪና የለምና። (ቦሎ የሚለው ቃል ራሱ እንደ ታርጋ፣ እንደ ጎማ፣ እንደ ፍሬንና እንደ እስፖኪዮ ሁሉ ከጣልያኖች ጋር መጥቶ፣ እነርሱ ሲሄዱ በመኪናችን ውስጥ የቀረ ቃል ነው።) የእኛ ቦሎ ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ሲያልቅ ይሰጥና በፊተኛው መስተዋት ላይ ከውስጥ በኩል ይለጠፋል። የካሊፎርኒያው ግን በኋላው ታርጋ ላይ በአደባባይ ይለጠፋል፤ በግራው ጫፍ የወሩ፣ በቀኙ ጫፍ የዓመቱ። የዓመቱ ቀለሙ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ፖሊስ ቀርቦ ሳያነብ ከሩቅ ይለየዋል። እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የእኛን ቦሎ ለመስረቅ የፈለገ ሰው መስተዋት መስበር ወይም በር መክፈት አለበት፤ የእነርሱን ለመስረቅ የፈለገ ግን ጎንበስ ማለት ብቻ ይበቃዋል።

ለመሆኑ የሚሰርቀው ማን ነው? ምዝገባውን በሕጋዊ መንገድ ማሳደስ ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ሰው፣ ወይም ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሸጥ ነጋዴ ነው። በካሊፎርኒያ ምዝገባን ማሳደስ ገንዘብ ከመክፈል ጋር ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ዕድሜው የገፋ የቤንዚን መኪና ባመዛኙ በየ2 ዓመቱ የጢስ ምርመራ ማለፍ አለበት፤ መድንም መግባት ግዴታ ነው፤ ያልተከፈለ የማቆሚያ ቅጣት የተቈለለበት ባለመኪናም ያን ሳይከፍል ምዝገባው አይታደስለትም። ስለዚህ የሞተሩን ጢስ ለማስተካከል ብዙ ገንዘብ የተጠየቀ ሰው፣ ከጎረቤቱ ታርጋ ላይ አንዲት ወረቀት ልጦ የራሱ ላይ ቢለጥፍ ጉዳዩ ሁሉ ያለቀለት ይመስለዋል። ችግር ሰውን ምን ያህል እንደሚያጎብጠው አናጣውም። ነገር ግን የተሰረቀውስ ሰው ማን ነው? መኪናውን በግቢው ቈልፎ የሚያሳድረው ባለጸጋ አይደለም፤ ጋራዥ የሌለው፣ በኪራይ አፓርትማ የሚኖርና መኪናውን በመንገድ ዳር የሚያሳድር ሠራተኛ ነው። እዚህ ላይ ድኻው የሚሰርቀው ድኻውን ነው።

በሎስ አንጀለስ ከተማ የፌርፋክስ ጎዳና አንድ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ መሰየሙን ብዙ አንባብያን ያውቃሉ። በዚያ ከተማ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል በመኪና ሰው በማመላለስ እንጀራቸውን የሚያገኙ አሉ። እንግዲህ አንዱ እንዲህ ያለ ወንድማችን ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሥራው ሄደ እንበል። ሰው መኪናውን የሚያየው ከፊት ነው፤ ከኋላ ዞሮ የታርጋውን ጫፍ የሚመረምር ማን ነው? ወረቀቲቱ ከተሰረቀች ምናልባት ሳምንት ሆኗታል፤ እርሱ ግን አላወቀም። መጀመሪያ የሚያውቀው መብራቱን እያበራ ከኋላው የሚመጣው የፖሊስ መኪና ነው።

በእርግጥ ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት ርኅሩኅ ነው ሊባል ይችላል። ፖሊሱ የሚሰጠው ወረቀት ብዙውን ጊዜ «አስተካክለህ አሳይ» የሚል ነው፤ ባለመኪናው አዲሷን ወረቀት ለጥፎ ማረጋገጫ ሲያቀርብ ክሱ በ25 ዶላር የፍርድ ቤት ክፍያ ይዘጋለታል። ይሁን እንጂ በዚያ መካከል ለጽሕፈት ቤቱ ተራ የሚጠበቅበት፣ አዲሷ እስክትመጣ ቀን የሚቈጠርበት፣ ሥራ የሚፈታበት ጊዜ አለ። ያንን ጊዜ ደግሞ ሌባው አይከፍልም።

ከገንዘቡ የሚከብድ ሌላ ነገርም አለ። በአሜሪካ ለጥቁር ሰው በፖሊስ መቆም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2021 በሚኒሶታ ግዛት ብሩክሊን ሴንተር በተባለው ከተማ አንድ የ20 ዓመት ጥቁር ወጣት በፖሊሶች ተይዞ ሲቆም፣ ፖሊስ እንደ ተናገረው ምክንያቱ የምዝገባ ተለጣፊው ጊዜ ማለፉ ነበር። ከዚያ በኋላ የመያዣ ትእዛዝ እንዳለበት ታወቀና ሊይዙት ሲሉ ግብግብ ተፈጠረ፤ አንዲት የፖሊስ ባልደረባም የኤሌክትሪክ ማደንዘዣ ያወጣሁ መስሎኝ ነው ባለችበት ሽጉጥ ተኩሳ ገደለችው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ጥፋተኛ ተባለች። የወጣቱ ወረቀት የተሰረቀ አልነበረም፤ ነገር ግን ይህን የሰማች እናት፣ ልጇ ታርጋው ላይ ወረቀት ሳይኖርበት ሲነዳ ብታይ የሚሰማትን መገመት አያዳግትም።

የተሰረቀውን የሚገዛውም ቢሆን ከአደጋ አያመልጥም። በካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ መሠረት ለዚያ መኪና ያልተሰጠ ተለጣፊ ተለጥፎበት የተገኘ መኪና ሊጎተትና ሊታሰር ይችላል። ፖሊሱ የታርጋውን ቁጥር በመኪናው ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ሲመለከት ወረቀቲቱ አንድ ነገር ትናገራለች፣ መዝገቡ ሌላ ነገር ይናገራል። ምዝገባውን ሳያሳድስ የቀረ ሰው መኪናው የሚታሰረው ጊዜው ካለፈ 6 ወር ሲበልጠው ነው፤ የሰው ወረቀት የለጠፈ ግን ይህ ፋታ የለውም። በርካሽ ያገኘ የመሰለው ሰው ለጎታቹና ለማደሪያው በየቀኑ ይከፍላል።

እንግዲህ ወደ መከላከሉ እንምጣ፤ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉና። ነገሩ የሚጀምረው ከአለጣጠፉ ነው። ብዙ ሰው አዲሷ ወረቀት በፖስታ ስትደርሰው ባለፈው ዓመት ላይ፣ ያለፈውም ባቻምና ላይ እንደ ተለጠፈ ደርቦ ይለጥፋታል። ዓመታት ሲደራረቡ ወረቀቶቹ እንደ እንጀራ ድርብ ይወፍራሉ፤ ጠርዛቸውም ከታርጋው ከፍ ስለሚል ለሌባ ጥፍር መያዣ ይሆናሉ። ሌባው አንዱን ሲይዝ ሁሉም አብረው ይነሣሉ። ስለዚህ አሮጌዎቹን ሁሉ ፍቆ ማንሣት፣ ሥፍራውን በአልኮል ወልውሎ አቧራና ቅባቱን ማስለቀቅ፣ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቆ መለጠፍና በአውራ ጣት ከመካከል ወደ ጠርዝ እየደፈጠጡ መጫን ይገባል። ብርድና እርጥበት ባለበት ቀን የተለጠፈ አይይዝም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ብልሃት በጣም ርካሹና በጣም የሚረዳው ነው። የተለጠፈችውን ወረቀት በስለታም ምላጭ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራም ወደ ቀኝ እየሰነጠቁ በትንንሽ አራት ማዕዘን መከፋፈል ነው። ወረቀቲቱ ከቦታዋ አትነቃነቅም፤ ቁጥሯም ይነበባል፤ ፖሊስም ያያታል። ሌባው ሊልጣት ሲሞክር ግን እንደ ጤፍ ቅንጣት በየቁርጥራጩ ትመጣበታለች እንጂ ሙሉ ሆና አትነሣለትም። ሥራው ከ2 ደቂቃ አይበልጥም። ሆኖም ምላጩን አጥልቆ የታርጋውን ቀለም መፋቅ ተገቢ አይደለም።

ይህ ብልሃት ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። እስፖኪዮው ሌሊት ተነቅሎ ማግስቱን ገበያ ላይ እንዳይሸጥበት የፈራው ባለመኪና ምን ያደርጋል? የታርጋውን ቁጥር በመስተዋቱና በፍሬቻው ላይ ያስቀርጻል። መስተዋቱ መስተዋትነቱን አይተውም፤ ለሌላ ሰው ግን አያምርም። የሎስ አንጀለሱ ምላጭና የአዲስ አበባው መቅረጫ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ዕቃው ለባለቤቱ እያገለገለ ለሌባው ዋጋ እንዲያጣ ማድረግ። የፍሎሪዳ ግዛት ደግሞ ይህንኑ ሥራ ከባለመኪናው ተቀብሎ በተለጣፊዋ ላይ የመኪናውን የታርጋ ቁጥር ያትምባታል። እኛ ይህን ከሁሉ እናደንቃለን፤ ድካሙን የተሸከመው መንግሥት ነውና።

አንዳንዱ ሌባ በእርግጥ ልጦ አይደክምም፤ በቆርቆሮ መቀስ የታርጋውን ጫፍ ከነወረቀቷ ቈርጦ ይሄዳል። ለእንዲህ ያለው ምላጭም አልኮልም አይበጅም፤ የሚሻለው መኪናውን ብርሃን ባለበት ሥፍራ፣ ቢቻል ጀርባውን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ ማሳደር ነው። ታርጋውን በላስቲክ ወይም በመስተዋት መሸፈን ለብዙ ሰው የሚታየው መላ ቢሆንም፣ በካሊፎርኒያ ታርጋን መሸፈን ራሱ ክልክል ስለ ሆነ ከሌባ ሸሽቶ ከፖሊስ እጅ መውደቅ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ሥረ ነገሩን የሚጠይቁ አሉ። ፖሊስ እውነቱን የሚያገኘው ከመዝገብ ከሆነ ወረቀቲቱ ለምን ታስፈልጋለች? የፔንስልቬኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሕግ መሠረት ከታኅሣሥ 31 ቀን 2016 ጀምሮ ተለጣፊዋን አስቀርቷል። እንግሊዞችም ከ1921 ጀምሮ በመኪና መስተዋት ላይ ሲያሳዩት የኖሩትን ክብ የግብር ወረቀት በጥቅምት 1 ቀን 2014 ተሰናብተው፣ ቁጥጥሩን ለመዝገቡና ታርጋ ለሚያነቡ ካሜራዎች ትተውታል። የሌለ ነገር አይሰረቅም፤ ይህ እርግጥ ነው።

ነገር ግን ወረቀቲቱ ስትቀር አብሯት የቀረ ነገር እንዳለ የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ በመንገድ ዳር ባደረገው ቈጠራ ታይቷል። ግብር ሳይከፍሉ የሚነዱት መኪናዎች በ2013 ከመቶ 0.6 ነበሩ፤ በ2015 1.4፣ በ2017 ደግሞ 1.8 ደረሱ። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገርም በመጋቢት 2022 ተለጣፊዋን ካስቀረ በኋላ ብዙ ሰው ማሳደሱን እየረሳ ስለ ተገኘ፣ በ2024 ምዝገባ በራሱ የሚታደስበትን ሥርዓት ማምጣት ግድ ሆኖበታል። ወረቀቲቱ ለካ ለፖሊስ ብቻ ሳይሆን ለባለቤቷም አስታዋሽ ነበረች።

በእኛ አገርም ቦሎ ይቅር የሚል ሐሳብ ቢነሣ ይህ መታሰብ አለበት እንላለን። የመዝገቡ መልስ በገጠር መንገድ ላይ ቆሞ ለሚቈጣጠር የትራፊክ ፖሊስ በዚያው ቅጽበት የማይደርሰው ከሆነ፣ ወረቀቱን ማንሣት ፖሊሱን ዐይኑን ሸፍኖ ማቆም ነው። መልሱ የሚደርሰው ከሆነ ግን ወረቀቱ በቶሎ ቢሄድ እንወዳለን።

እስከዚያው በካሊፎርኒያ ያለው ዘመድ ወረቀቲቱን ያጣት እንደ ሆነ፣ ሬግ 156 የተባለውን የምትክ ቅጽ ሞልቶ ለግዛቲቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ያቅርብ። ለፖሊስም ያስመዝግብ፤ ነገ ወረቀቱ በሌላ መኪና ላይ ቢገኝ የሚመሰክርለት ጽሑፍ ይኖረዋልና። ምትኳ እስክትደርስ የምዝገባ ካርዱን ከመኪናው አይለይ። ስትደርስም አሮጌዎቹን ፍቆ፣ ሥፍራውን ወልውሎ፣ በምላጭ እስኪሰነጣጥቃት ድረስ መኪናውን መንገድ ዳር አያሳድር።