የተገላቢጦሽ የኤሌክትሮኒክስ ጨረታ፦ የመንግሥት ግዥ ዋጋ እንዴት ይወርዳል? አቅራቢውስ ምን ማወቅ አለበት?

በደቡብ ጎንደር ዞን የደራ ወረዳ ማዕከል በሆነችው በአንበሳሜ ከተማ ትምህርት ቤቱ የሚገለገልበት ወረቀት፣ ጤና ጣቢያው የሚጠቀምበት ጓንት፣ በየጽሕፈት ቤቱ የሚሰራጨው የጽሕፈት መሣሪያ በሙሉ የሚገዛው ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። መሥሪያ ቤት ከገበያ ዋጋ በላይ በከፈለ ቁጥር በዚያው በጀት የሚያገኘው ዕቃ ያንሳል፤ ጉድለቱም በተማሪውና በታካሚው ላይ ይታያል። በአንጻሩ ዋጋው ያለ ልክ ወርዶ ጥራቱ የጎደለ ዕቃ ቢቀርብ፣ ወይም አሸናፊው አቅራቢ ዕቃውን ማቅረብ ተስኖት ውሉ ቢፈርስ፣ ጉዳቱ ተመልሶ በዚያው ተገልጋይ ላይ ይወድቃል።

ይህ ጽሑፍ ግዥን በአነስተኛ ዋጋ ለመፈጸም በተለያዩ አገሮች የሚሠራበትን የተገላቢጦሽ የኤሌክትሮኒክስ ጨረታ ምንነት፣ አካሄዱን፣ የሚጠቅምበትንና የማይጠቅምበትን ሁኔታ እንዲሁም አቅራቢዎች ሊያደርጉት የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

የተገላቢጦሽ ጨረታ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን የምናውቀው ሐራጅ ሻጩ አንድ፣ ገዢዎቹ ብዙ የሆኑበት ነው። ገዢዎች ዋጋ ይጨምራሉ፤ ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠ ንብረቱን ይወስዳል። በተገላቢጦሽ ጨረታ ግን ገዢው አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን ሻጮቹ ብዙ ናቸው። አቅራቢዎች በተወሰነ ሰዓት በኢንተርኔት ተገናኝተው ዋጋቸውን በየተራ ይቀንሳሉ፤ ሰዓቱ ሲዘጋ በሰነዱ በተቀመጠው መስፈርት ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ተጫራች ቀዳሚ ይሆናል።

ከተለመደው ግልጽ ጨረታ የሚለየው ዋጋ በሚቀርብበት መንገድ ነው። በተለመደው አሠራር ተጫራቹ ዋጋውን አንድ ጊዜ ብቻ ሞልቶ በታሸገ ኤንቨሎፕ ያስገባል፤ ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ዋጋውን ማሻሻል አይችልም። በተገላቢጦሽ ጨረታ ግን ተጫራቹ የራሱን ደረጃ ወይም በወቅቱ የተመዘገበውን ዝቅተኛ ዋጋ እያየ፣ ሰዓቱ እስኪያበቃ ድረስ ደጋግሞ ቅናሽ ማድረግ ይችላል። የተወዳዳሪዎቹ ማንነት ግን ተሰውሮ ይቆያል።

ከኤንቨሎፕ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ግዥ

በአገራችን የፌዴራል መንግሥት ግዥ ለረጅም ጊዜ የተመራው በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ነበር። አዋጁ ግልጽ ጨረታን መሠረታዊ የግዥ ዘዴ አድርጎ ውስን ጨረታን፣ የዋጋ ማቅረቢያን፣ ቀጥታ ግዥንና ሌሎች ዘዴዎችን ከነመፈጸሚያ ሁኔታቸው ደንግጓል። ይህን አዋጅ በመተካት አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ወጥቷል። የኤሌክትሮኒክ መንግሥት ግዥ ሥርዓትም በ2014 ዓ.ም. በተመረጡ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተጀምሮ ወደ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች እንዲስፋፋ ተደርጓል።

የኤሌክትሮኒክ ግዥና የተገላቢጦሽ ጨረታ ግን አንድ እንዳልሆኑ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ማውጣትን፣ ሰነድ ማስገባትን፣ ግምገማንና ውልን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር የሚያሸጋግር ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥም ዋጋ እንደ ኤንቨሎፑ አንድ ጊዜ ብቻ ተሞልቶ ሊቀርብ ይችላል። የተገላቢጦሽ ጨረታ በእንዲህ ያለ መሠረት ላይ የሚቆም አንድ የዋጋ ማወዳደሪያ ዘዴ ነው። ስለሆነም አቅራቢው በኮምፒዩተር የሚሞላውን ጨረታ ሁሉ የዋጋ ቅነሳ ዕድል ያለው አድርጎ መውሰድ የለበትም። ኋላ እቀንሳለሁ ብሎ ከፍ ያለ ዋጋ የሞላ ተጫራች ዕድሉን ሊያጣ ይችላል።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ የፌዴራሉ አዋጅ የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን መሆኑ ነው። ክልሎች ግዥ የሚፈጽሙት በየራሳቸው ሕግ ስለሆነ፣ የአንበሳሜ ነጋዴ ለወረዳው መሥሪያ ቤቶች ሲጫረት የአማራ ክልልን የግዥ ሕግ፣ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲጫረት ደግሞ የፌዴራሉን ሕግ መመልከት ይኖርበታል።

ውድድሩ እንዴት ይካሄዳል?

አሠራሩን ለማስረዳት ያህል ይህን ምሳሌ እንውሰድ። አንድ መሥሪያ ቤት 2,000 ደስጣ ባለ 80 ግራም ኤ4 ወረቀት ሊገዛ ፈለገ እንበል። መጀመሪያ የወረቀቱን ክብደት፣ መጠን፣ የአንድ ደስጣ የቅጠል ብዛት፣ የማስረከቢያ ቦታና ጊዜ የሚገልጽ ሰነድ ያወጣል። ቀጥሎ ተጫራቾች የንግድ ፈቃዳቸውና የግብር ማስረጃቸው እንዲሁም ያቀረቡት ናሙና ይመረመራል። መስፈርቱን ያሟሉ አራት አቅራቢዎች ተጨማሪ እሴት ታክስን ሳይጨምር ለአንድ ደስጣ 620፣ 610፣ 605 እና 598 ብር የመነሻ ዋጋ ሰጡ።

በተቀጠረው ሰዓት ውድድሩ ይከፈታል። ሰነዱ ውድድሩ 30 ደቂቃ እንደሚቆይ፣ አንድ ቅናሽ ከ2 ብር እንደማያንስ፣ በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች አዲስ ዋጋ ከገባም ጊዜው በ5 ደቂቃ እንደሚራዘም ይደነግጋል። ይህ ማራዘሚያ አንዱ ተጫራች በመጨረሻዋ ሴኮንድ ዋጋ አስገብቶ ሌላውን ምላሽ እንዳይነፍገው የሚደረግ ነው። ተጫራቾቹ ደጋግመው ሲቀንሱ ቆይተው ውድድሩ በ571 ብር ቢዘጋ፣ ከመጀመሪያው ዝቅተኛ ዋጋ ከ598 ብር ጋር ሲነጻጸር በአንድ ደስጣ 27 ብር፣ በጠቅላላው 54,000 ብር ይተርፋል።

ዋጋ የሚወርደው መቼ ነው?

በምሳሌው የታየው ቅናሽ የኮምፒዩተሩ ሥራ ውጤት አይደለም። ዋጋውን ያወረደው በእውነት የሚፎካከሩ አቅራቢዎች መኖራቸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመንግሥት ግዥ ሞዴል ሕግ ይህን ዘዴ ለመጠቀም ሦስት ሁኔታዎችን አስቀምጧል። እነርሱም የሚገዛው ነገር በዝርዝርና በትክክል ሊገለጽ የሚችል መሆኑ፣ ብቁ አቅራቢዎች የሚወዳደሩበት ገበያ መኖሩ፣ የማወዳደሪያ መስፈርቶቹም በቁጥር ተለክተው በገንዘብ ሊተመኑ የሚችሉ መሆናቸው ናቸው።

ሦስቱ የተሟሉባት አገር ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የምትጠቀሰው ብራዚል ናት። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረችውን የተገላቢጦሽ ጨረታ በ2002 በሕግ ቁጥር 10520 ያጸናች ሲሆን፣ የዘዴው ዋና መስክ ጥራታቸውና አሠራራቸው በገበያ በሚታወቅ መለኪያ ሊገለጽ የሚችል የተለመዱ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ናቸው።

ውድድር ሲጠፋ የሚሆነውን ደግሞ የአሜሪካ ልምድ ያሳያል። የአገሪቱ መንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት፣ በመረመራቸው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በ2012 የበጀት ዓመት ከተካሄዱት የተገላቢጦሽ ጨረታዎች ከሢሶ በሚበልጡት ተጫራቾች እየተፎካከሩ ዋጋ መቀነስ የሚባል ነገር እንዳልነበረ አመልክቷል። ሥርዓቱ ተዘርግቶ ተፎካካሪ ከሌለ መሥሪያ ቤቱ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ዋጋ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ሞዴል ሕጉ የተመዘገቡት ተጫራቾች ቁጥር ለውድድር የማይበቃ ሆኖ ሲገኝ ገዢው ጨረታውን መሰረዝ እንዲችል ይፈቅዳል።

የዝርዝር መግለጫው ጥራትም የዚያኑ ያህል ወሳኝ ነው። በሰነዱ ላይ «ጥሩ ወረቀት» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፣ ዋጋ በወረደ ቁጥር ወረቀቱም እየሳሳ ይሄዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተዘጋጀ ዝርዝር መግለጫ በርክክብ ወቅት ጭቅጭቅ ይሆናል። በጨረታው የተገኘው ቅናሽ እውነተኛ ቁጠባ የሚሆነው ዕቃው በናሙናው መሠረት ተመርምሮ ሲረከብ ነው።

ለየትኛው ግዥ አይመከርም?

ወረቀት፣ የጽዳት ዕቃ፣ የቢሮ ወንበር፣ የተሽከርካሪ ጎማ፣ ደረጃው የታወቀ ኮምፒዩተርና የመሳሰሉት ለዚህ ዘዴ ይስማማሉ። የምክር አገልግሎት፣ የሕንፃ ንድፍ፣ የጥናት ሥራና የተወሳሰበ ግንባታ ግን ዋጋቸው ብቻውን ጥራታቸውን አይናገርም። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የመንግሥት ግዥ መመሪያም እንደ ግንባታ ንድፍ ያሉ የአእምሮ ሥራ የሚጠይቁ ግዥዎች በኤሌክትሮኒክስ የቅናሽ ጨረታ እንዳይካሄዱ ከልክሏል። በገበያ ላይ አንድ ወይም ሁለት አቅራቢ ብቻ ያለው ዕቃም እንዲሁ አይስማማም፤ ጥቂቶች በሚወዳደሩበት ገበያ ተጫራቾች ዋጋ ተመካክረው ለመግባት ይቀላቸዋልና።

አነስተኛ አቅራቢዎች ምን ያድርጉ?

በአንበሳሜም ሆነ በጣና ዙሪያ ባሉ ሌሎች ከተሞች የሚሠሩ አነስተኛ ነጋዴዎች በእንዲህ ያለ ውድድር በትልልቅ አስመጪዎች እንዋጣለን ብለው ቢሰጉ ስጋታቸው መሠረት ያለው ነው። መሥሪያ ቤቶች ፍላጎታቸውን ሰብስበው በጅምላ ሲገዙ ዋጋ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጥቅሉ በጣም ከገዘፈ የአካባቢው አቅራቢ ከውድድሩ ይወጣል፤ ተወዳዳሪው ባነሰ ቁጥር ደግሞ ዋጋው ውሎ አድሮ ይወጣል። ግዥውን በምድብ ከፋፍሎ ማውጣትና ርክክቡን በየአካባቢው ማድረግ ለገዢውም ለአቅራቢውም የሚበጀው ለዚህ ነው። ተጫራቾችም በበኩላቸው ከዚህ በታች ያሉትን እንዲያስተውሉ ይመከራል።

1. የመጨረሻ ዋጋዎን ከውድድሩ ቀን በፊት በወረቀት ላይ አስልተው ይወስኑ። በምሳሌው ላይ አንድ ተጫራች ደስጣውን በ540 ብር የሚያገኝ፣ ለመጓጓዣና ለጉልበት 15 ብር፣ ለዋስትናና ለልዩ ልዩ ወጪ 6 ብር የሚያወጣ ቢሆን ወጪው 561 ብር ይሆናል። 12 ብር ትርፍ ካሰበ ወሰኑ 573 ብር ነው። 573 ብር ሰጥቶ ሌላው 571 ሲል፣ የሚቀጥለው ዋጋ 569 ብር በመሆኑ ማቆም ይኖርበታል። ይህ ተጫራች ጨረታውን ተሸነፈ እንጂ አልከሰረም።

2. ክፍያ የሚፈጸምበትን ጊዜ በስሌትዎ ውስጥ ያስገቡ። ዕቃው ተረክቦ ክፍያው እስኪደርስ ድረስ ገንዘብዎ ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ ራሱ ወጪ ነው።

3. ከወጪ በታች አይግቡ። ያልተለመደ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ተጫራች ማብራሪያ ሊጠየቅ ይችላል። ውሉን ፈርሞ ማቅረብ ያቃተው አቅራቢ ያስያዘውን ዋስትና ሊያጣ፣ ወደፊትም በመንግሥት ግዥ እንዳይሳተፍ ሊታገድ ይችላል።

4. ለኤሌክትሪክና ለኔትወርክ መቋረጥ ይዘጋጁ። ስልክዎንና ኮምፒዩተርዎን አስቀድመው ይሙሉ፤ ሌላ የኢንተርኔት አማራጭ ይያዙ፤ የይለፍ ቃልዎን ከቀናት በፊት ይሞክሩ። ሞዴል ሕጉ በገዢው የመገናኛ ሥርዓት ላይ ብልሽት ሲደርስ ጨረታው እንዲቋረጥ ወይም ለጊዜው እንዲታገድ ይፈቅዳል፤ በተጫራቹ ቤት ለሚደርስ መቋረጥ ግን ተመሳሳይ መብት አለ ብሎ መገመት አይገባም። ሰነዱ ስለዚህ ምን እንደሚል አስቀድመው ያንብቡ።

5. ልዩ አስተያየት የሚያስገኝልዎ ሁኔታ ካለ ማስረጃውን በወቅቱ ያቅርቡ። ለምሳሌ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ግዥ አፈጻጸም መመሪያ ለአገር ውስጥ ምርቶች ለመድኃኒትና ለሕክምና መሣሪያ 25 በመቶ፣ ለሌሎች ዕቃዎች 15 በመቶ የዋጋ አስተያየት ሰጥቶ ነበር። በእርስዎ ጨረታ ላይ የሚሠራበት መጠን የሚገለጸው በጨረታ ሰነዱ ነው። እንዲህ ያለ አስተያየት በሚሰጥበት ውድድር በማሳያው ላይ ዝቅተኛ የሆነው ቁጥር ብቻውን አሸናፊውን ላይወስን ስለሚችል፣ ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ አስቀድመው ይጠይቁ።

ቅሬታ ቢኖርስ?

ውድድሩ በኤሌክትሮኒክስ መካሄዱ የተጫራቹን የቅሬታ መብት አያስቀርም። እንዲያውም እያንዳንዱ ዋጋ በስንት ሰዓት እንደገባ ስለሚመዘገብ ክርክሩን በማስረጃ ለመፍታት ይረዳል። በፌዴራል ደረጃ ቅሬታ በመጀመሪያ የሚቀርበው ለገዢው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ሲሆን፣ በውሳኔው ያልረካ ተጫራች ጉዳዩን ለቅሬታ አጣሪ ቦርድ ማቅረብ ይችላል። የማቅረቢያው ጊዜ በጥቂት የሥራ ቀናት የተወሰነ በመሆኑ፣ ጥሰት ተፈጽሟል የሚል ተጫራች ሳይዘገይ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። በክልልና በወረዳ ለሚፈጸም ግዥ የክልሉ ሕግ ያስቀመጠውን ሥርዓት መከተል ያስፈልጋል።

ነጋዴ ያልሆነ ዜጋም ድርሻ አለው። ለትምህርት ቤቱ የገባው ወንበር በወር ውስጥ ከተሰበረ፣ ለጤና ጣቢያው የመጣው ጓንት ገና ሲለበስ የሚቀደድ ከሆነ፣ ይህን ለተቋሙ ማሳወቅ ቀጣዩ ግዥ በተሻለ ዝርዝር መግለጫ እንዲወጣ ያግዛል። በመንግሥት ግዥ ርካሽ የሚባለው በጨረታው ቀን በማሳያው ላይ የታየው ትንሹ ቁጥር ሳይሆን፣ ዕቃው የታሰበለትን ጊዜ ያህል አገልግሎ ሲገኝ የተከፈለበት ዋጋ ነው።