ደም ስለ ልብ የሚሰጠው ምስክርነት

በሽታ ብዙውን ጊዜ ራሱን በሕመም ያስታውቃል። የተቦረቦረ ጥርስ ይጠዘጥዛል፤ ወባ ያንቀጠቅጣል፤ ያመረቀዘ ቁስል እንቅልፍ ይነሣል። ከዚህም የተነሣ ሰው ካላመመው ጤነኛ ነኝ ብሎ ማሰቡ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ አንዳችም የሕመም ስሜት ሳያሰማ ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ሲያድግ ቆይቶ አንድ ቀን በድንገት ሕይወትን የሚቀጥፍ አደጋ አለ። እርሱም የልብን ጡንቻ የሚመግቡት የደም ቧንቧዎች መጥበብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በልብና በደም ቧንቧ በሽታዎች የሞቱት ሰዎች ቁጥር 17.9 ሚሊዮን ያህል ነበር። በእነዚህ በሽታዎች ከሚሞቱት ሰዎች ከአራት እጅ ሦስቱ የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ በሽታው የባለጸጎች ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከእውነት የራቀ ነው።

ይህን ድምፅ የሌለው አደጋ አስቀድሞ ለማወቅ ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ በደም ውስጥ ያለውን የኮሌስትሮል መጠን መመርመር ነው። ሆኖም ከምርመራው የሚገኘው ቁጥር በትክክል ካልተነበበ አንዱን ሰው ያለ ምክንያት ያስደነግጣል፤ ሌላውን ደግሞ ያለ ምክንያት ያዘናጋል። በመሆኑም የቁጥሩን ትርጉም ከነምክንያቱ መረዳት ያስፈልጋል።

ኮሌስትሮል ሰም የሚመስል፣ በውሃ የማይሟሟ የቅባት ዓይነት ነው። ስሙ የተገኘው ከግሪክ ቋንቋ ሲሆን፣ «ኮሌ» ሐሞት፣ «ስቴሬኦስ» ደግሞ ጠጣር ማለት ነው። ይህ ስም የተሰጠው ንጥረ ነገሩ መጀመሪያ የታወቀው በሐሞት ከረጢት ውስጥ ከሚገኝ ጠጠር ስለ ነበረ ነው። ኮሌስትሮል በራሱ መርዝ አይደለም። የሰውነት ሕዋሶች ሽፋን ያለ እርሱ አይሠራም፤ ሐሞት፣ ቪታሚን ዲና አንዳንድ ሆርሞኖችም የሚዘጋጁት ከእርሱ ነው። ለሰውነት ከሚያስፈልገው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ራሱ ሰውነት፣ በተለይም ጉበት ሲሆን፣ የቀረው እንደ ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት ካሉት ከእንስሳት ከሚገኙ ምግቦች ይመጣል።

ዘይትና ውሃ እንደማይዋሐዱ ሁሉ ኮሌስትሮልም ከደም ጋር አይዋሐድም። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ሊፖፕሮቲን በሚባሉ፣ ከቅባትና ከፕሮቲን በተሠሩ እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች ተጭኖ ነው። ከእነዚህም ሁለቱ በይበልጥ ይታወቃሉ። የመጀመሪያው ኤል.ዲ.ኤል. የሚባለው ሲሆን፣ ኮሌስትሮልን ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ያደርሳል። ሁለተኛው ኤች.ዲ.ኤል. የሚባለው ደግሞ ትርፍ የሆነውን ኮሌስትሮል ሰብስቦ ወደ ጉበት ይመልሳል።

ችግሩ የሚፈጠረው ኤል.ዲ.ኤል. ከመጠን በላይ ሲሆን ነው። ትርፉ በደም ቧንቧው የውስጥ ሽፋን ሾልኮ ይገባና በግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ነጭ የደም ሕዋሶች ሊያስወግዱት ይውጡታል፤ ነገር ግን እነርሱም በቅባት ተሞልተው እዚያው ይቀራሉ። በዚህ ዓይነት ግድግዳው ከዓመት ወደ ዓመት እየወፈረ፣ ደም የሚያልፍበት መንገድ እየጠበበ ይሄዳል። በመጨረሻም ያበጠው ክፍል በድንገት ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ያለ ዕረፍት የሚሠራ ጡንቻ በመሆኑ ደም ሲቋረጥበት ብዙ ሊታገሥ አይችልም። ቶሎ ካልተረዳ ደም የተቋረጠበት ክፍል ይሞታል። ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚባለውም ይኸው ነው።

ኮሌስትሮል ከዚህ በሽታ ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀው በአንድ ጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. ኒኮላይ አኒችኮቭ የተባለ የሩሲያ ሐኪም በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ንጹሕ ኮሌስትሮል በሱፍ ዘይት እያሟሟ ጥንቸሎችን መገበ። የጥንቸሎቹም የደም ቧንቧዎች በሰው ላይ ከሚታየው ጋር በሚመሳሰል ሁኔታ ወፍረው ተገኙ። ይሁን እንጂ ውሻና አይጥን በመሳሰሉት እንስሳት ላይ ተመሳሳይ ለውጥ ለማየት ባለመቻሉ፣ ብዙ ሊቃውንት የሙከራው ውጤት ለሰው ልጅ መሥራቱን ተጠራጠሩ።

ጥርጣሬውን ለማስወገድ ሰዎችን ራሳቸውን ለረጅም ጊዜ መከታተል አስፈላጊ ሆነ። ይህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ተጀመረ። በጥናቱም 5,209 ወንዶችና ሴቶች በፈቃዳቸው ተመዘገቡ። እነርሱም በየሁለት ዓመቱ እየተጠሩ ደማቸው ተመረመረ፤ የደም ግፊታቸው ተለካ፤ ትምባሆ ማጨስና አለማጨሳቸው ተጠየቀ። አጥኚዎቹም ከጤነኞቹ መካከል ማን በልብ በሽታ እንደሚያዝ በትዕግሥት ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. የወጣው ዘገባ ከፍተኛ ኮሌስትሮልና ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በልብ በሽታ የሚያዙ መሆናቸውን አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ኤች.ዲ.ኤል. ያነሳቸው ሰዎች ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው ከዚያው ጥናት ተዘገበ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ተመዝጋቢዎች ልጆች፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የልጅ ልጆቻቸውን ጨመረ። የፍራሚንግሃም ዋና ትምህርት፣ የልብ በሽታ አንድ ምክንያት ብቻ ያለው አለመሆኑ፣ ምክንያቶቹም ሲደራረቡ አደጋው እየበረታ መሄዱ ነው።

የኮሌስትሮል ምርመራ ሲካሄድ ብዙውን ጊዜ የላቦራቶሪ ባለሙያው ከታካሚው ክንድ ጥቂት ደም በመርፌ ይቀዳል። ደሙ ከረጋ በኋላ ሴንትሪፉዩጅ በሚባል መሣሪያ በከፍተኛ ፍጥነት እንዲሽከረከር ይደረጋል። በዚህ ጊዜ የደም ሕዋሶች ከታች ሲዘቅጡ፣ ሴረም የሚባለው ቢጫ መሳይ ፈሳሽ ከላይ ይቀራል። በፈሳሹ ላይ ኤንዛይሞችና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ይጨመሩበታል። እነዚህም ከኮሌስትሮሉ ጋር በየደረጃው ተዋሕደው በመጨረሻ ቀይ ቀለም ያስገኛሉ። ኮሌስትሮሉ በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይደምቃል፤ የቀለሙን ድምቀት በብርሃን የሚለካ መሣሪያም መጠኑን በቁጥር ያስታውቃል።

አንዳንድ ጊዜ ታካሚው ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል ሳይበላ እንዲመጣ ይታዘዛል። ምክንያቱም ትራይግሊሰራይድ የተባለው ሌላው የደም ቅባት ከምግብ በኋላ ከፍ ስለሚል ነው። እዚህ ላይ «ጾመው ይምጡ» የሚለው ትእዛዝ በትክክል መተርጎም አለበት። ሽሮ ወይም ምስር ወጥ የጾም ምግብ ቢሆንም፣ እርሱን በልቶ የመጣ ሰው ለላቦራቶሪው እንደ ጾመ አይቆጠርም። ትእዛዙ ሆድ ፍጹም ባዶ ይሁን ማለት ሲሆን፣ የሚፈቀደውም ውሃ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ጠቅላላው ኮሌስትሮልና ኤች.ዲ.ኤል. በምግብ ምክንያት ብዙም ስለማይለዋወጡ፣ በአሁኑ ጊዜ ብዙ ሐኪሞች ለመጀመሪያ ምርመራ ባዶ ሆድን የግድ አይጠይቁም።

ውጤቱ በብዙ አገሮች የሚገለጸው በአንድ ዴሲሊትር፣ ማለትም በሊትር አንድ አሥረኛ ውስጥ በሚገኝ ሚሊግራም ነው። በተለመደው የአዋቂዎች መለኪያ መሠረት ጠቅላላው ኮሌስትሮል ከ200 በታች ሲሆን መልካም፣ ከ200 እስከ 239 ሲሆን በወሰን ላይ ያለ፣ 240ና ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍተኛ ይባላል። ኤች.ዲ.ኤል. ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች ከሆነ እንደ አነስተኛ ይቆጠራል። ኤል.ዲ.ኤል. ደግሞ 160 ሲደርስ ከፍተኛ፣ 190 ሲደርስ እጅግ ከፍተኛ ነው። ኤል.ዲ.ኤል. ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቀጥታ ተለክቶ ሳይሆን በስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. በወጣውና በፍሪድዋልድ ስም በሚጠራው ስሌት፣ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤች.ዲ.ኤል. እና የትራይግሊሰራይድ አንድ አምስተኛ ይቀነሳሉ። ለምሳሌ ጠቅላላው 220፣ ኤች.ዲ.ኤል. 45፣ ትራይግሊሰራይድ 150 ቢሆን፣ የ150 አንድ አምስተኛ 30 ነው። ከ220 ላይ 45ና 30 ሲቀነሱ 145 ይቀራል፤ ይህም የኤል.ዲ.ኤል. መጠን ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 በላይ ሲሆን ግን ይህ ስሌት አያገለግልም።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። በሸንጎ ፊት የአንድ ምስክር ቃል ከሌሎቹ ጋር ሳይመሳከር ለፍርድ እንደማያበቃ ሁሉ፣ ኮሌስትሮልም ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር መመሳከር አለበት። ሁለት ሰዎች እኩል 220 የሆነ ጠቅላላ ኮሌስትሮል አላቸው እንበል። አንደኛዋ የ42 ዓመት ሴት ስትሆን፣ ትምባሆ አታጨስም፤ የደም ግፊቷም ትክክለኛ ነው። ሁለተኛው የ62 ዓመት ሰው ሲሆን፣ ያጨሳል፤ የላይኛው የደም ግፊቱ 160 ነው፤ የስኳር በሽታም አለበት። የላቦራቶሪው ወረቀት ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ቢያሳይም፣ የተደቀነባቸው አደጋ ግን በእጅጉ ይለያያል። ለሴትዮዋ ምክር ሊበቃት ሲችል፣ ለሰውየው ሕክምና ሳይዘገይ መጀመር ይኖርበታል።

ሐኪሞች ይህን ማመሳከር የሚያካሂዱት በሰንጠረዥ ነው። ከፍራሚንግሃም የተገኙት ስሌቶች የተመሠረቱት በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ስለ ነበረ፣ ለሌላው ዓለም ሁልጊዜ ትክክለኛ ሆነው አልተገኙም። ከዚህም የተነሣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ዓለምን በ21 ክፍሎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ የተስማሙ ሰንጠረዦችን አወጣ። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም ኢትዮጵያን ጨምሮ የራሳቸው ሰንጠረዥ አላቸው። በሰንጠረዡ ላይ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ትምባሆ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና ጠቅላላ ኮሌስትሮል ተገናዝበው፣ አንድ ሰው በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ውስጥ ያለበት የአደጋ መጠን ይታወቃል። ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ የሚያገለግል ሌላ ሰንጠረዥም አለ። በዚህኛው የደም ምርመራ ቀርቶ የሰውዬው ክብደት ከቁመቱ ጋር ይነጻጸራል።

አንዳንድ ጊዜ ግን የኮሌስትሮል ቁጥር ብቻውን ብርቱ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ኤል.ዲ.ኤል. 190ና ከዚያ በላይ ሲሆን በዘር የሚተላለፍ ችግር መኖሩ ይጠረጠራል። ይህ ችግር ከ300 ሰዎች በአንዱ ላይ ያህል ይገኛል። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት፣ ጉበትና ሌሎች ክፍሎች ኤል.ዲ.ኤልን ከደም የሚወስዱበት መቀበያ በእነዚህ ሰዎች ላይ የጎደለ ወይም የተበላሸ መሆኑን አረጋገጡ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አገኙ። እንዲህ ያለው ሰው ቀጭንና ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ወንድሞቹ፣ እኅቶቹና ልጆቹ ጭምር መመርመር ይገባቸዋል።

አደጋው ከታወቀ የሚቀነስበት መንገድ አለ። ትምባሆን መተው፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስ፣ ጮማና ቅቤን መቀነስ፣ ባቄላን፣ ምስርንና አትክልትን ማዘውተር ይጠቅማሉ። በዘይት ዕቃ ላይ የሚጻፈው «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው ቃል ግን ብዙዎችን ያሳስታል። የፓልም ዘይት ከተክል ስለሚገኝ ኮሌስትሮል የለውም ቢባል እውነት ነው። ሆኖም ግማሹን ያህል የሚይዘው የሚረጋ ቅባት ስለ ሆነ በደም ውስጥ ያለውን ኤል.ዲ.ኤል. ከፍ ያደርጋል። ምግብና እንቅስቃሴ ብቻቸውን ካልበቁ መድኃኒት ይታዘዛል። ጃፓናዊው ሊቅ አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ዓመታት ከሻጋታ ያገኘው ንጥረ ነገር፣ ስታቲን ለሚባሉት መድኃኒቶች መነሻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ውጤቱ የታወቀው በስካንዲኔቪያ አገሮች የተደረገ ጥናት፣ ከ4,444 የልብ ሕመምተኞች መካከል ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን በወሰዱት ዘንድ ሞት ከመቶ 30 ያህል መቀነሱን አሳይቷል።

የኮሌስትሮል ምርመራ ሁሉንም የልብ በሽታ አይገልጥም። ለምሳሌ በልጅነት በሚደርስ፣ በወቅቱ ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የሚመጣው የልብ በር ጉዳት በዚህ ምርመራ አይታወቅም። ስለዚህ መልካም ቁጥር ያገኘ ሰው የደም ግፊቱን ከመለካትና ሕመም ሲሰማው ሐኪም ከማማከር ሊዘናጋ አይገባውም።

በመጨረሻም ይህ ጉዳይ የሽማግሌዎች ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በኮሪያ ጦርነት የሞቱ የ300 አሜሪካውያን ወታደሮችን ልብ መርምሮ ነበር። የወታደሮቹ አማካይ ዕድሜ 22 ዓመት ሲሆን፣ ከመቶ 77 ያህሉ የደም ቧንቧቸው መታመም መጀመሩ ታይቶባቸዋል። በዚያ ዕድሜ ማንም ሕመም አይሰማውም። የደም ቧንቧ ግን በወጣትነት የተጨሰውን ትምባሆና የተበላውን ጮማ መዝግቦ ይይዛል፤ ሒሳቡንም የሚጠይቀው በጉልምስና ዘመን ነው። ለዚህ ነው የደም ምርመራ ጥቅሙ የላቀ የሚሆነው፤ ምስክርነቱን የሚሰጠው ገና ጊዜ ሳለ፣ ሰውም አኗኗሩን ለማስተካከል በሚችልበት ወቅት ነውና።