ከስንዴ ማሳ ወደ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፦ የሞንታናው አርሶ አደር ጆን ቴስተር የሥራ ጉዞ እና የፖሊሲ አቋም

የመብራት ታሪፍ፣ የዘር አቅርቦት፣ የከብት ገበያ እና የመድኃኒት ዋጋ የሚወሰኑት ብዙ ጊዜ አርሶ አደሩ በማይገኝበት አዳራሽ ነው። ውሳኔው ግን ከጎጆው ይደርሳል። አርሶ አደሩ ራሱ በአዳራሹ ወንበር ቢኖረው ምን ይለወጣል? ምንስ ሳይለወጥ ይቀራል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚሰጡ የሥራ ታሪኮች አንዱ በአሜሪካ የሞንታና ግዛት ሕግ አውጪ የነበሩት፣ ኋላም በአገሪቱ ሴኔት ለ18 ዓመታት ያገለገሉት የጆን ቴስተር ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግዛቲቱ ገጽታ እና የምክር ቤቷ አሠራር

ሞንታና ከካናዳ ጋር የምትዋሰን ሰሜናዊ የአሜሪካ ግዛት ናት። ስፋቷ 380 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ይህም የኢትዮጵያን ቆዳ ስፋት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። የሕዝቧ ቁጥር ግን ከአንድ ሚሊዮን እምብዛም አይበልጥም። የምሥራቁና የመካከለኛው ክፍል ሜዳማ መሬቷ በዝናብ የሚለማ የስንዴ፣ የገብስ፣ የምስርና የአተር ምድር ነው።

ዋና ከተማዋ ሄለና ስትሆን ሕግ አውጪው አካል 50 መቀመጫ ያለው ሴኔት እና 100 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት አለው። ምክር ቤቱ መደበኛ ጉባኤውን የሚያካሂደው በየሁለት ዓመቱ፣ ከጥር ጀምሮ እስከ 90 የሥራ ቀናት ብቻ ነው። ይህ አሠራር ለአርሶ አደሩ ልዩ ትርጉም አለው። ጉባኤው የሚካሄደው ማሳው በበረዶ በተሸፈነበት ወቅት በመሆኑ አባላቱ የፀደይ ዘር ሳያልፋቸው ወደ ሥራቸው መመለስ ይችላሉ። በሞንታና ሕግ ማውጣት የሙሉ ጊዜ ሙያ ስላልሆነ መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ አራሹም የዕለት ሥራውን ሳይተው ወንበር ሊይዝ ይችላል።

ከማሳ የጀመረ ሕይወት

ጆን ቴስተር በ1956 ተወለዱ። ያደጉት ቢግ ሳንዲ በምትባል ጥቂት መቶ ነዋሪዎች ባሏት የገጠር ከተማ አቅራቢያ፣ አያቶቻቸው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባቀኑት መሬት ላይ ነው። ቤተሰቡ ከእርሻው ጎን ለጎን ሥጋ ቤት ነበረው። ቴስተር የ9 ዓመት ልጅ ሳሉ የግራ እጃቸውን ሦስት የመካከል ጣቶች በሥጋ መፍጫ ማሽን አጥተዋል። በግሬት ፎልስ ከተማ በሚገኝ ኮሌጅ ሙዚቃ ተምረው በ1978 ተመረቁ። ከዚያም በቢግ ሳንዲ የሙዚቃ መምህር ሆኑ፤ ጥቂት ቆይተው ግን ወደ እርሻውና ወደ ሥጋ ቤቱ ተመለሱ።

እርሻቸው 1 ሺህ 800 ኤከር፣ ማለትም 730 ሄክታር ገደማ ነው። በእኛ አገር ዓይን ሰፊ ቢመስልም ዓመታዊ ዝናቡ ከ400 ሚሊ ሜትር በታች በሆነበት በዚያ ደረቅ ምድር የአንድ ቤተሰብ ማሳ ነው። በ1980ዎቹ ቤተሰቡ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ አረም መጠቀም ትቶ ወደ ተፈጥሯዊ ግብርና ተሸጋገረ። ዘዴው ለእኛ አርሶ አደር እንግዳ አይደለም፤ ሰብል ማፈራረቅ ነው። ምስር፣ አተር እና አልፋልፋ በሥሮቻቸው ላይ በሚኖሩ ተሕዋስያን አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው በአፈር ውስጥ ያከማቻሉ፤ ቀጥሎ የሚዘራው ስንዴ ያንን ይጠቀማል። ምርቱ በገበያ የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣም ቤተሰቡ ብዙ ማሳዎች በዕዳ ከባለቤቶቻቸው እጅ በወጡበት አሥርት ዓመት መሬቱን ይዞ መቆየት ችሏል።

የሕዝብ አገልግሎታቸውም የተጀመረው ከታች ነው። ከ1983 እስከ 1992 በቢግ ሳንዲ የትምህርት ቤት ቦርድ ሠርተዋል። በአካባቢው የአፈር ጥበቃ ቦርድ እና በግብርና ድጋፍ ኮሚቴም አባል ነበሩ። የግዛት ምክር ቤት ወንበር የያዙት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ወደ ምክር ቤት ያስገባቸው የመብራት ጉዳይ

በ1997 የሞንታና ምክር ቤት የኤሌክትሪክ ዘርፉን ከዋጋ ቁጥጥር የሚያላቅቅ ሕግ አወጣ። የሕጉ ደጋፊዎች ውድድር ሲፈጠር ዋጋ ይቀንሳል የሚል ተስፋ ሰጥተው ነበር። የግዛቲቱ ዋነኛ ኃይል አቅራቢ የነበረው ሞንታና ፓወር ኩባንያ ግን ግድቦቹንና የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎቹን በ1999 ከግዛቲቱ ውጭ ለሆነ ኩባንያ ሸጦ ወደ ቴሌኮም ንግድ ዞረ። አዲሱ ባለቤት ኃይሉን በገበያ ዋጋ የመሸጥ መብት ስለነበረው በ2000 እና በ2001 በምዕራብ አሜሪካ የኃይል ቀውስ ሲፈጠር ዋጋው አሻቀበ። በቢዩት ከተማ የሚገኘው የመዳብ ማዕድን በኤሌክትሪክ ወጪ ምክንያት በ2000 ሥራ አቆመ። ወደ ቴሌኮም የዞረው ኩባንያም በ2003 ከሰረ።

ቴስተር በ1998 ለግዛቲቱ ሴኔት የተወዳደሩት በአካባቢያቸው የነበሩት ሴናተር ዳግም እንደማይወዳደሩ ካሳወቁ በኋላ ነው። ለውድድር ያነሳሳቸው ዋነኛ ጉዳይም ይህ ሕግ ነበር። በመስኖ ፓምፕና በእህል ማድረቂያ ለሚሠራ ገበሬ የኤሌክትሪክ ዋጋ የምርት ወጪ ነው፤ ዋጋው ሲጨምር ትርፉ ይቀንሳል። ቴስተር ቢመረጡም ግድቦቹን ማስመለስ አልቻሉም። የሕጉ ዋና ዋና ክፍሎች የተሻሩት ከ10 ዓመት በኋላ በ2007 ሲሆን ግድቦቹ በሞንታና ለሚሠራ ኃይል አቅራቢ የተመለሱት በ2014 ነው፤ የግዢው ዋጋም 900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ወጪው የሚሸፈነው ደንበኛው ከሚከፍለው ታሪፍ ነው። አንድ ሕግ በአንድ ጉባኤ የወሰነውን ለማረም 17 ዓመት ፈጅቷል።

በግዛት ምክር ቤት የሠሩት ሥራ

ቴስተር በ2003 የዴሞክራቲክ ፓርቲ አናሳ ቡድን መሪ ሆኑ። ፓርቲያቸው በ2004ቱ ምርጫ 27 ለ23 የሆነ ጠባብ ብልጫ ሲያገኝ በ2005 የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በዚያው ጊዜ አገረ ገዥ የነበሩት ብራያን ሽዋይትዘርም የአፈር ሳይንስ የተማሩና በእርሻ ሥራ የኖሩ ነበሩ።

በዚያ ጉባኤ ቴስተር ከመሯቸው ሥራዎች ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው የታዳሽ ኃይል ሕጉ ነው። ሕጉ ኃይል አቅራቢ ኩባንያዎች ከሚሸጡት ኤሌክትሪክ 15 በመቶውን እስከ 2015 ከነፋስና ከመሳሰሉት ምንጮች እንዲያገኙ ያስገድድ ነበር። ከዚህም ውስጥ የተወሰነው በአካባቢው ነዋሪዎች ባለቤትነት ከሚገነቡ አነስተኛ ማመንጫዎች እንዲገዛ ይጠይቅ ነበር። ዓላማው ነፋሻማ ማሳ ያለው ገበሬ ከእህል በተጨማሪ ከኃይልም ገቢ እንዲያገኝ ማስቻል ነው። ሁለተኛው አነስተኛ ገቢ ያላቸው አረጋውያን የመድኃኒት ወጪያቸውን እንዲችሉ የሚያግዝ መርሐ ግብር ነው። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጀት በቂ አይደለም ብሎ በወሰነበት በዚያ ዓመትም ለትምህርት ተጨማሪ ገንዘብ እንዲመደብ ሠርተዋል።

ይሁን እንጂ ሁሉም አልጸናም። የታዳሽ ኃይል ግዴታውን የኋላው ምክር ቤት በ2021 ሽሮታል። የሻሩት ወገኖች ግዳጁ ዓላማውን ፈጽሟል፤ ከእንግዲህ ለደንበኛው ሸክም ነው ሲሉ ደጋፊዎቹ ደግሞ የገጠሩን ገቢ ያጠፋል ብለው ተከራክረዋል።

በአገር አቀፍ ሴኔት የያዙት አቋም

በሞንታና ሕግ አንድ ሴናተር በ16 ዓመት ውስጥ ከ8 ዓመት በላይ ማገልገል ስለማይችል ቴስተር በ2006 ለአገሪቱ ሴኔት ተወዳደሩ። ለሦስት የሥራ ዘመን ያገለገሉትን ኮንራድ በርንስን ከ400 ሺህ በላይ ድምፅ በተሰጠበት ምርጫ በ3 ሺህ 500 ድምፅ ገደማ ብቻ በልጠው አሸነፉ።

ለአርሶ አደሩ ይበልጥ የሚነበበው ሥራቸው በምግብ ደኅንነት ሕጉ ላይ ያስገቡት ማሻሻያ ነው። በ2011 መጀመሪያ የጸደቀው ይህ ሕግ በምግብ አምራቾች ላይ ጥብቅ የምርመራና የመዝገብ ግዴታ የጣለ ነበር። ቴስተር ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500 ሺህ ዶላር በታች የሆነ፣ ከግማሽ በላይ ምርታቸውንም በዚያው ግዛት ወይም በ275 ማይል፣ ማለትም 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ለሸማቹ፣ ለምግብ ቤትና ለሱቅ በቀጥታ የሚሸጡ አምራቾች በቀለለ ደንብ እንዲሠሩ አደረጉ። ትላልቅ አትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች በሽታ አምጪ ተሕዋስ የማሳ ስፋት አይመርጥም በማለት ተቃውመዋል። ማሻሻያውም ይህን ስጋት ከግምት አስገብቶ፣ በሽታ ያስከተለ አምራች የቀለለው ደንብ ተጠቃሚነቱን የሚያጣበትን አንቀጽ ይዟል።

በከብት ገበያ ረገድ የቴስተር አቋም ግልጽ ነበር። በአሜሪካ ለሥጋ ከሚደልቡ ከብቶች 85 በመቶ ገደማ የሚያርዱት አራት ኩባንያዎች ናቸው። ገዢው ጥቂት፣ ሻጩ ብዙ ሲሆን ዋጋውን ገዢው ይወስናል፤ ይህን በእኛም ገበያ ከብት ነድቶ የሚመጣ ሁሉ ያውቀዋል። ቴስተር ከሪፐብሊካን ሴናተሮች ጋር ሆነው የሥጋ ኢንዱስትሪውን የሚከታተል ልዩ መርማሪ እንዲቋቋም ረቂቅ አቅርበዋል፤ ረቂቁ ግን ሕግ ሆኖ አልወጣም። ኮንግረስ በ2015 የሻረው፣ የበሬ ሥጋ የተመረተበትን አገር በማሸጊያው ላይ የመጻፍ ግዴታም እንዲመለስ ጠይቀዋል።

ፓርቲያቸውን ደስ የማያሰኙ ውሳኔዎችም አሏቸው። በ2011 ተኩላ በሞንታናና በአጎራባች አካባቢዎች ከተጠበቁ የዱር እንስሳት ዝርዝር እንዲወጣ ያደረገውን አንቀጽ አስገብተዋል፤ ከብት አርቢዎች ሲደግፉት የዱር እንስሳት ተሟጋቾች አጥብቀው ተቃውመውታል። በ2008 ትላልቅ ባንኮችን ከውድቀት ለማዳን የቀረበውን ገንዘብ ተቃውመዋል። በአንጻሩ በ2018 በአነስተኛና መካከለኛ ባንኮች ላይ ያለውን ቁጥጥር ያላላውን ሕግ ደግፈዋል። ለገጠር ብድር ይበጃል ሲሉ የፓርቲያቸው ግራ ዘመሞች ግን ለባንኮች ያደላ ነው ብለው ነቅፈዋቸዋል። በ2010 የወጣውን የጤና መድኅን ሕግ ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል። የሴኔቱ የጦር ጉዳተኞችና የቀድሞ ወታደሮች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሳሉም፣ በ2022 በመርዛማ ጭስ ለታመሙ የቀድሞ ወታደሮች ሕክምናና ካሳ የሚሰጠው ሕግ እንዲጸድቅ ከሪፐብሊካኑ ጄሪ ሞራን ጋር ሠርተዋል።

ለምን ተሸነፉ?

ቴስተር በ2012 እና በ2018 ዳግም ተመረጡ፤ በ2024 ግን በሪፐብሊካኑ ቲም ሺሂ ተሸነፉ። በዚያው ዕለት ዶናልድ ትራምፕ ሞንታናን ያሸነፉት በ20 በመቶ ነጥብ ገደማ ብልጫ ሲሆን ቴስተር የተበለጡት በ7 በመቶ ነጥብ ገደማ ነው። ይህም ማለት የሌላው ፓርቲ ደጋፊ የሆነ ብዙ ሰው ለእርሳቸው ድምፅ ሰጥቷል፤ ያም ሆኖ አልበቃም። ተቃዋሚዎቻቸው በስደተኞችና በድንበር ጉዳይ፣ በዳኞች ሹመትና በዋና ዋና ድምፆች ከፓርቲያቸው አይለዩም በማለት ቀስቅሰዋል። መራጩ ከእጩው ማንነት ይልቅ የፓርቲውን አርማ እያየ በሚመርጥበት ጊዜ የአካባቢ ሥራ ብቻውን እንደማያድን ውጤቱ ያሳያል።

የተወካይን የሥራ መዝገብ እንዴት እናንብብ?

የቴስተር ታሪክ አንድ አርሶ አደር ስለተመረጠ የገጠሩ ችግር ይፈታል አይልም። ግድቦቹ በውድ ተመለሱ፤ የነፋስ ኃይሉ ሕግ ተሻረ፤ የከብቱ ገበያ ዛሬም በአራቱ ኩባንያዎች እጅ ነው። በሌላ በኩል የምግብ ደኅንነት ማሻሻያው እስከ ዛሬ ይሠራል። ማሻሻያው የተጻፈው አነስተኛ አምራች ለማን፣ በምን ያህል ርቀት እንደሚሸጥ በሚያውቅ ሰው ነው።

በአገራችን ሕገ መንግሥት መሠረት የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ሲሆን ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው። ሕዝቡ እምነት ሲያጣበት ተወካዩን ከቦታው ሊያነሳ እንደሚችልም አንቀጽ 12 ይደነግጋል። ይህን መብት ለመጠቀም መራጩ የተወካዩን ሥራ ማወቅ አለበት። ስለዚህ በቀበሌ ስብሰባም ሆነ በምርጫ ቅስቀሳ ተወካዩን ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። ከመመረጡ በፊት በመንደሩ ምን ሠርቶ ያውቃል? በየትኛው አዋጅ ላይ ምን ሐሳብ አቀረበ፤ ድምፁንስ ለየትኛው ወገን ሰጠ? ያወጣው ሕግ ከዓመታት በኋላ በማሳው፣ በገበያውና በቤተሰቡ ወጪ ላይ ምን አመጣ? የመጀመሪያውን ጥያቄ ጎረቤት ሊመልሰው ይችላል፤ ሁለተኛውን የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ይመልሰዋል። ሦስተኛውን የሚመልሰው ግን ሕጉ የነካው አርሶ አደርና የከተማ ነዋሪ ራሱ ነው።