ባለቤት ያገኘ አውሬ

ለአዲስ አበባ የኳስ አፍቃሪ የቤተሰብ ስፖርት ማለት አባት ልጁን ይዞ ስታዲየም ሲገባ ነው። ከአሜሪካና ከጀርመን የሚነሱ አንዳንድ ቤተሰቦች ግን ጠመንጃቸውን በሳጥን ቆልፈው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ለአደን ወደ ደቡብ አፍሪካ ይበራሉ። ወቅቱ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ነሐሴ ነው። ያኔ እዚያ ቅዝቃዜ ነው፤ ቅጠሉ ረግፎ፣ ሳሩ ደርቆ አውሬው ከሩቅ ይታያል። እነሱ አገር ደግሞ ትምህርት ቤት ይዘጋል።

ጆሃንስበርግ ሲያርፉ ፖሊስ የጠመንጃውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳክሮ ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣል። የአደን እርሻው ላይ ሲደርሱም ዘሎ ጫካ መግባት የለም። መጀመሪያ ኢላማ ላይ ተተኩሶ የጠመንጃው መነፅር ይስተካከላል። የውጭ አገር አዳኝ ብቻውን አይወጣም፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አብሮት መሆን አለበት። ባለሙያው ብዙውን ጊዜ የሚያስመርጠው ዕድሜው የገፋውን ወንድ ነው። ለጀማሪ ልጅ ኢምፓላ ይበቃዋል። አቁስሎ ያጣ አዳኝም ይከፍላል፤ “የግቡ ብረት መለሰብኝ” ብሎ ማሳበብ አይሠራም። ሥጋው እዚያው ይበላል ወይም ይሸጣል፣ ቀንዱና ቆዳው ተዘጋጅቶ ለአዳኙ ይላካል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ተኩስ እያለ አውሬው እንዴት አላለቀም?

ምስጢሩ ባለቤትነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የደቡብ አፍሪካ ሕግ፣ መሬቱን በደንብ ያጠረ ሰው በውስጡ ላሉት አውሬዎች ባለቤትነቱን አረጋገጠለት። አውሬው አምልጦ ቢወጣ እንኳ የእሱ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ከብት አርቢ ከብቱን ሸጦ አጋዘንና የሜዳ አህያ ማርባት ጀመረ። ዛሬ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ እንዲህ ያሉ እርሻዎች አሉ። መሬታቸው ተደምሮ ከታዋቂው ክሩገር ፓርክ ስምንት እጥፍ ይበልጣል።

ጥቁር ዊልደቢስትን ማየት ይበቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ 600 ገደማ ብቻ ቀርተውት ነበር። ያተረፉት በግል መሬታቸው ያስጠለሉት ገበሬዎች ናቸው። አሁን ቁጥሩ ከ15 ሺህ በላይ ነው። በአንጻሩ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ከለከለች። ከዚያ ዓመት እስከ 2016 ድረስ ግን የዱር እንስሳቷ በአማካይ 68 በመቶ ቀንሰዋል። ጥፋቱ የእገዳው ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡም ከብቱም በዝቷል። ቢሆንም አውሬው ምንም የማያስገባለት ገበሬ፣ ግጦሹን ለምን ለአውሬ ይተዋል?

ጨዋታው ንፁህ ነው ማለት ግን አይደለም። አጥሩ የአውሬውን የጥንት መተላለፊያ ይዘጋል። በጠባብ ግቢ ያደገ አንበሳን ለተኳሽ ማቅረብ ደግሞ አዳኞቹን ራሳቸውን ያሳፈረ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የአገሪቱ መንግሥት አንበሳን አጥሮ የማርባቱን ንግድ ለማስቆም መወሰኑን አስታውቋል።

ትልቁ ስጋት ግን ገቢው ከውጭ በሚመጣ እንግዳ ላይ መንጠልጠሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት በረራ ሲቆም አዳኙ ቀረ። አጥሩ ግን መጠገን ነበረበት፣ ዘበኛውም ደመወዙን ይጠብቅ ነበር። በአገሪቱ ካሉት ነጭ አውራሪሶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በእነዚሁ የግል ባለቤቶች እጅ ናቸው። ቀንዱን የሚፈልገው ሌባ ወረርሽኝ መጣ ብሎ ሥራውን ለዘለቄታው አይተውም።