ሁርሶ፤ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ያለች የባቡር ጣቢያ መንደር

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ አዋሽ ለሚሄድ ሰው ሁርሶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በግራው የሐረርጌ ተራሮች እንደ ግንብ ቆመው ይታዩታል፤ በቀኙ ግን ከግራርና ከአሸዋ በቀር ዓይኑን የሚያሳርፍበት የለም። ብዙ ሰው ስሟን የሚያውቀው በጦር ማሠልጠኛዋ ነው። እኛ ግን ልንገልጽ የፈለግነው መንደሪቱን ነው፤ ይኸውም እንዲህ ያለች ትንሽ ስፍራ በምን ምክንያት መንደር ሆነች፣ ለኑሮ የሚያስፈልጋትንስ ከማን አገኘች የሚለውን ነው።

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ መሥመሩ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ዳገቱ ስለ ጸና ወጪውም ስለ ከበደ፣ ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ቆመ። በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ የነበረችው ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ሥራው ተቋረጠ። በ1900 ዓ.ም. ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሐዲዱን በቆላው ወደ ምዕራብ ቀጠለው፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። እንግዲህ የሁርሶ ጣቢያ የዚህ የሁለተኛው ሥራ ልጅ ነው። ይህን ስንል አገሩ ቀድሞ ባዶ ነበር ማለታችን አይደለም። የኢሳ ሶማሌዎችና የጉርጉራ ሰዎች ግመላቸውንና ፍየላቸውን ይዘው በዚህ ቆላ ሲዘዋወሩ የኖሩ ናቸው። ሐዲዱ ያመጣው አዲስ ነገር በአንድ ስፍራ ተቀምጦ መኖርን ነው።

የሐዲዱን አካሄድ ያጤነ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ወንዞቹ ሁሉ ከደጋው ወርደው ወደ ሰሜን ሲፈሱ፣ ባቡሩ ደግሞ ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ እያንዳንዱን ወንዝ መሻገር ግድ ሆኖበታል። ወንዝ እንላለን እንጂ አብዛኞቹ በዓመቱ ብዙ ወራት ደረቅ አሸዋ ናቸው። ዝናብ ከተራራው ሲጥል ግን በአንድ ጊዜ ሞልተው ይወርዳሉ። የድሬዳዋው ደቻቱ በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ከ200 ሰው በላይ የፈጀው በዚህ ጠባዩ ነው። ያው ወንዝ ውሃውን በአሸዋው ሥር ያስቀምጣል። በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ደግሞ ከከሰሉና ከእንጨቱ ይልቅ ውሃ ያስቸግረዋል፤ ጥቂት ሄዶ ካልጠጣ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በዚህ ደረቅ አገር ጣቢያ ሲቆም ከሰው ይልቅ የባቡሩ ጥም መታሰቡ የማይቀር ነበር። ለባቡሩ የሚገኘው ውሃ ግን ለሰውም፣ ለፍየልም የሚሆን ነው።

ለትንሽ መንደር ጣቢያ ማለት ብዙ ነገር ነው። በሐዲዱ ጎን የተዘረጋው ሽቦ ወሬ ያደርሳል። ባቡሩ ሲቆም ወተት፣ እንቁላልና እንጨት የሚሸጥለት መንገደኛ ይገኛል፤ ወደ ድሬዳዋ ገበያም የሚወስድ እርሱ ነው። ከጅቡቲ በኩል ሩዝና ልብስ ይመጣል፤ ከዚህም ውስጥ ቀረጥ የተከፈለበትና ያልተከፈለበት እንደ ነበረ ማንም የሚያውቀው ነው። ሐኪም ቤትም ቢሆን በሽተኛን በባቡር ድሬዳዋ ማድረስ፣ በቃሬዛ ተሸክሞ በአሸዋ ውስጥ ከመሄድ ምን ያህል እንደሚሻል መናገር አያስፈልግም።

ከመንደሩ አጠገብ ያለው የጦር ሠፈር ታሪክ ለብቻው ጽሑፍ የሚያስፈልገው ነው። በ1984 ዓ.ም. የኦሮሞ ነፃነት ግንባር ከሽግግር መንግሥቱ ሲወጣ ከተያዙት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ብዙዎቹ በዚህ ሠፈር ታስረው ነበር። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ወታደሮች የኢትዮጵያን ወታደሮች እዚሁ አሠልጥነዋል። በእኛ አስተያየት ሠፈሩ የሁርሶን ስም በሩቅ አገር ቢያሰማም፣ የሚመጣበትም የሚሄድበትም ምክንያት ከመንደሩ ውጭ ነው።

ባቡሩም ቢሆን እንደዚሁ ሆነ። በ1940ዎቹ የናፍጣ ባቡር ሲመጣ፣ በየጣቢያው ቆሞ ውሃ የመቅዳቱ ነገር ቀረ። ከዚያ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ሐዲዱ ተቆረጠ፤ ተጠግኖም ዳግመኛ ሠራ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ግን ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው አሮጌው መሥመር አገልግሎቱን አቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ሐዲድ በዚሁ ቆላ ያልፋል። ስፋቱ ከአሮጌው ከአንድ ሜትሩ ሐዲድ በ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ ባቡሩም በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ውሃ አይጠይቅም።

ስለዚህ አንድ ባላገር ስለ ሁርሶ ቢጠየቅ፣ ከሐዲዱም ከሠፈሩም በፊት የነበረውን ነገር ቢያነሣ አያስደንቅም። በደረቅ ወንዝ ውሃ የሚፈልግ ሰው አሸዋውን በእጁና በአካፋ ይቆፍራል። ጎኑ እንዳይናድበት አፉን ሰፊ ያደርገዋል። ጎርፍ ባለፈ ሰሞን ውሃው ከክንድ አይርቅም፤ በበጋው መጨረሻ ግን ቆፋሪው ጕድጓዱ ውስጥ ገብቶ ባልዲውን ወደ ላይ ማቀበል አለበት፤ በላይ የቆመው ሰው ተቀብሎ ለፍየሎቹ ይገለብጥላቸዋል።