ነጠላው የመጣበት ተራራ፤ ወደ ዶርዜ ለሚሄድ ቤተ ሰብ

በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ በአንዳንዱ ሠፈር በማለዳ የሚያልፍ ሰው፥ የሸማኔው መወርወሪያ ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ከየጠባቡ ቤት ድምፁን ይሰማል። ከእነዚህ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ወይም አባቶቻቸው ከጋሞ ደጋ፥ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ናቸው። በቅርብ ጊዜ ከሴት ልጆቻችን አንዲቱን «ይህ የለበስሽው ነጠላ ከወዴት መጣ?» ብለን ብንጠይቃት «ከሱቅ» ብላ መለሰችልን። መልሷ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ለአባትና ለእናት የሚያሳፍር ነው። ስለዚህ በዕረፍት ወራት ቤተ ሰቡን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ለሚያስብ አንባቢ፥ ዶርዜን መጠቆም ወደድን።

መንገዱ ረዥም ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፥ ልጆች የያዘ ሰው በወላይታ ሶዶ አድሮ ቢሄድ ይሻለዋል። ከአርባ ምንጭ ዶርዜ ለመድረስ በጨንቻ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት መውጣት ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ስትሆን፥ ጨንቻ ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በቆላው ሙቀት ተታልሎ የልጆቹን ጋቢ በሆቴል ትቶ የወጣ ሰው ከቀትር በኋላ ይጸጸታል። በዳገቱ ወገብ ላይ መኪናውን አቁሞ ወደ ታች መመልከት ይገባል፤ ቀላ ያለው የአባያ ሐይቅና ሰማያዊው ጫሞ፥ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት በአንድ ዓይን ይታያሉ።

ከዶርዜ ነገር ሁሉ ልጆችን የሚያስደንቃቸው ቤቱ ነው። ከቀርከሃ ስንጥቅ እንደ ቅርጫት ተጐንጕኖ፥ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት ይከደናል፤ አዲሱ ቤት እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ከፊት ለፊቱ ወጣ ያለው እንግዳ መቀበያ እንደ ዝሆን አፍንጫ፥ በላዩ ያሉት ሁለት የጢስ መውጫዎች እንደ ዝሆን ዓይኖች ሆነው ይታያሉ። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ባለቤቱ ቤቱን አያፈርሰውም፤ የተበላውን ይቈርጥና ቤቱ ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ አጭር ቤት ያየ እንግዳ ባለቤቱን ድኻ ነው ብሎ አይፍረድ፤ ቤቱ ብዙ ዘመን አይቶ ያጠረ ነውና። ስፍራ መለወጥ ባስፈለገም ጊዜ ጐረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። በውስጡ በአንድ ወገን ከብቶች ያድራሉ፤ ትንፋሻቸው ለብርዱ ሌሊት ሙቀት ይሰጣል። ልጆች በገቡ ጊዜ አፍንጫቸውን እንዳይዙ አስቀድሞ መምከር ነው!

ከዚያ ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ሴቶቹ እንሰቱን በቀርከሃ ፍቀው፥ የተፋቀውን በቅጠል ጠቅልለው በጕድጓድ ይቀብሩታል፤ ለወራት ከተብላላ በኋላ ተጋግሮ ቆጮ ይሆናል። ለእንግዳ ከማርና ከዳጣ ጋር ይቀርባል። አዋዜን ለለመደ ሰው ዳጣው እንግዳ አይሆንበትም፤ ለሕፃናት ግን ማሩ ይበቃል።

መፍተል የሴቶች፥ መሸመን የወንዶች ሥራ ነው። ሸማኔው እግሮቹን በጕድጓድ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን እያፈራረቀ ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፤ በዚያም መካከል ማጉን ይወረውራል። ቀይ፥ ቢጫና ጥቍር ሆኖ የሚሠራው ድንጉዛ፥ ለብርድ የሚሆነውም ወፍራም ቡልኮ በዚሁ ይገኛል። ባለቤቱ ከፈቀደ ልጁ አንድ ጊዜ መወርወሪያውን ይወርውር፤ ክሩን በጥሶ ሲደነግጥ የአንድ ኩታን ድካም ከብዙ ንግግር ይልቅ ይረዳዋል። በዋጋ ክርክርም ባለጠጋ እንግዳ ራሱን ባያስንቅ መልካም ነው።

በዚህ ነገር ጥቂት እንቈይ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎአል፤ ነገር ግን «ሸማኔ» የሚለውን ስም እንደ ስድብ የሚናገር አፍ በታላላቅ ቤት እንኳ ፈጽሞ አልጠፋም። ልጅም ይህን የሚሰማው በአባቱ ማዕድ ዙሪያ ነው። ኩታውን ለብሶ ሠሪውን መናቅ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ እኛ ሊገባን አልቻለም።

በኢጣልያ አገር ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ የምትባል በኮረብታ ጫፍ ያለች ትንሽ መንደር አለች። አፈሩ ከሥሯ እየተናደ ነዋሪዎቿ ጥቂት ብቻ ቀርተዋል፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በድልድዩ የሚያልፍ ጐብኚ ገንዘብ ይከፍላል። በዶርዜም የመንደሩ ተወላጆች እንግዳ እየመሩ ዋጋ ሲቀበሉ ቅር ማለት አይገባም፤ ዋጋው ግን አስቀድሞ ይነገር። በመንገድ ዳር እየጨፈሩ መኪና ለሚያስቆሙ ሕፃናት ሳንቲም መበተን ከትምህርት ቤት ያስቀራቸዋልና ይቅር። ፎቶግራፍም ሳይጠይቁ አይነሣም።

ወደ ሽማግሌዎች ሲቀርቡ ከመቀመጫ ዝቅ ብሎ «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ መስጠት ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከኮልፌ ቀራንዮ ብዙ በማይርቀው በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት የጋሞ ተወላጆችና ሌሎችም ሞቱ፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ጐልማሶች ለብቀላ ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ጐልማሶቹም ተመለሱ። ይህን ለልጆች በዚያው በሣሩ ላይ ተቀምጦ መንገር መልካም ነው።

ለመሄድ ከሁሉ የሚበልጠው ጊዜ መስቀል ነው፤ በአዲስ አበባ ያለው ሸማኔ ለበዓሉ ወደ አገሩ ይመለሳልና። ጭፈራውን የወደደ ያን ጊዜ ይሂድ፤ ጸጥታን የወደደ በሌላ ወር ይሂድ።

ከመነሣታችሁ በፊት ግን ልጆቻችሁን ይዛችሁ በኮልፌ እለፉ። ልብሳችሁን የሚሠራላችሁን ሸማኔ «ለአገር ቤት የምትልከው አለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ለእናቱ አንድ ጥቅል ቢሰጣችሁ በመኪናው ውስጥ ቦታ አይጠፋለትም፤ ዶርዜ ስትደርሱም የምታንኳኩት ደጅ አገኛችሁ ማለት ነው።