ባለቤት ያለው ዱር

በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ በደቡብ ዳኮታ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ጎሾች በፈረሰኞችና በፒክአፕ መኪኖች እየተነዱ በረት ገቡ። ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ቦታ የያዘ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም ከኮረብታው ላይ ሆኖ ይመለከት ነበር። ከስተር ስቴት ፓርክ በየዓመቱ የሚያካሂደው የጎሽ ነዳ 60ኛው መሆኑ ነው። ከዚህ ቀን የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ አቧራው፣ የኮቴው ድምፅና የፈረሰኞቹ ባርኔጣ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ በበረቱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ጥጆቹ ምልክት ይተኮስባቸዋል፣ ክትባት ይወጋሉ፤ እንስቶቹ ማርገዝ አለማርገዛቸው ይመረመራል፤ ለሽያጭ የተለዩት ደግሞ በጨረታ ይሸጣሉ።

የሚሸጡበት ምክንያት ሣር ነው። ፓርኩ 28,700 ሄክታር ያህል ይሰፋል፤ ጎሾቹ የሚሰማሩበት ቦታ ግን የታጠረ ስለሆነ የበረዶውን ወራት የሚሻገረው መንጋ ሣሩ ከሚችለው በላይ መሆን የለበትም። ድርቅ በሆነ ዓመት የሚሸጠው ይበዛል፤ ዝናብ በጠገበ ዓመት ያንሳል። ከብት ሲጠብቅ ላደገ ሰው ይህ ምኑም አይገርምም።

የዚህ አገር መስህቦች ለጎብኚ ሲተዋወቁ «ያልተነካ ተፈጥሮ» መባላቸው አይቀርም። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን የሰው እጅ ያላረፈበት ነገር ለማግኘት ይቸገራል። ጎሹ ይቆጠራል፤ ከምድር ሊጠፋ የነበረው ፌሬት የተባለ ትንሽ አውሬ እየተያዘ ይከተባል፤ ፕሬሪ ዶግ የተባለው እንስሳ በሚኖርበት ጉድጓድ ውስጥ የቁንጫ መድኃኒት ይነፋል። እኔ በበኩሌ ይህ ጥበቃ አገሩን ያሳንሰዋል አልልም። ከተራራው ይልቅ ሜዳውን እንድወድ ያደረገኝ እንዲያውም እሱ ነው።

ሜዳው ከሚዙሪ ወንዝ በስተምዕራብ እስከ ብላክ ሂልስ ተራሮች ይዘረጋል። ዛፍ የሚታየው በወንዝና በጅረት ዳር ነው፤ የቀረው ሣር፣ ነፋስና ሰማይ ነው። ብዙ ሐበሾች ከሚኖሩባት ከሱ ፎልስ ከተማ ተነስቶ በኢንተርስቴት 90 ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው፣ ወደ ባድላንድስ ብሔራዊ ፓርክ መገንጠያ የሆነችው ዎል የምትባል ትንሽ ከተማ ለመድረስ 465 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አብዛኛው መንገደኛ ይህን ሁሉ ሜዳ በጥድፊያ የሚያቋርጠው በረሽሞር ተራራ ላይ የተቀረጹትን አራት ፕሬዚዳንቶች ለማየት ነው። ከ1927 እስከ 1941 የተሠሩ ናቸው፤ ፎቷቸውን ያላየ የለምና እዚያ አልቆምም።

ባድላንድስ ላይ ግን መቆም ይገባል። ሜዳው ድንገት ይቆረስና ግራጫ፣ ቢጫና ሮዝ ቀለም ያለው ገደል ይሆናል። ንብርብሩ ከ75 ሚሊዮን እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው ጊዜ የተከማቸ ደለል ነው፤ ውሃ ይሸረሽረው የጀመረው ግን ከግማሽ ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ብቻ ነው። በዓመት በአማካይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበላል፤ በምድር ታሪክ ሚዛን ይህ ሩጫ ነው። እየተሸረሸረ ሲሄድ የጥንት አውሬ አጥንት ያወጣል። በ2010 አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ከጎብኚዎች ማዕከሉ አጠገብ ረጃጅም የዉሻ ክራንቻ የነበሩት ድመት መሰል አውሬ የራስ ቅል አይታ ለፓርኩ ሠራተኞች ተናግራ ነበር። ባለሙያዎች ቆፍረው አወጡት።

በብዙ ብሔራዊ ፓርኮች ከተቀየሰው የእግር መንገድ መውጣት ያስወቅሳል። ባድላንድስ ውስጥ ግን እግር ወደመራ መሄድ ተፈቅዷል፤ ስለ ፓርኩ አንድ ነገር ብቻ ንገረን ብባል የምናገረው ይህን ነው። መሰላል መውጣት የማይፈራ ኖች የሚባለውን አጭር መንገድ ይሞክር፤ ረጅም መንገድ የሚችል ካስል ትሬልን ደርሶ መልስ 16 ኪሎ ሜትር ይሂድ። ውሃ ግን ከቤት ይያዝ፤ የጅረቱ ውሃ ደለል ስለሚበዛበት ለማጣራት እንኳ አይመችም። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ያዳልጣል፤ እባብም አለ፣ መርዘኛ ነው።

በስተሰሜን በኩል በኮረኮንች መንገድ የሚደረስበት ሴጅ ክሪክ የሚባል የድንኳን ቦታ አለ። ክፍያ የለውም፤ ውሃም የለውም። ጎሾች በድንኳኖቹ መካከል እየጋጡ ያልፋሉ። እንስሳው ሲያዩት የተኛ ይመስላል፤ ሲነሳ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ፎቶ ለማንሳት የሚጠጋ ሰው ይህን ቢያስብ ይበጀዋል።

በዚሁ መንገድ ላይ የፕሬሪ ዶግ መንደር ይገኛል፤ የአካባቢው የረጅም ጊዜ ጠብም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፕሬሪ ዶግ ሣር በሊታ ነው፤ ወገኑም ከሽኮኮ ነው። በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሲጮህ ልጆች ይስቃሉ። አርቢው ግን አይስቅም፤ እሱ የሚያየው ላሙ ልትበላው የሚገባ ሣር እስከ ሥሩ ሲነጭ ነው። በሌላ በኩል ጥቁር እግር ያለው ፌሬት የሚባለው ትንሽ ሥጋ በል አውሬ ከሚበላው ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ ፕሬሪ ዶግ ነው፤ የሚኖረውም በእነሱ ጉድጓድ ነው። ፕሬሪ ዶግ ሲመረዝ ፌሬቱም አብሮ አለቀ። በ1979 ከምድር ጠፍቷል ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዋዮሚንግ ግዛት የአንድ አርቢ ውሻ ፌሬት ገድሎ ወደ ቤት ይዞ ሲመጣ መኖሩ ታወቀ። እስከ 1987 የቀሩት 18ቱ ሁሉ ተይዘው በሰው እጅ እንዲራቡ ተደረገ፤ ዛሬ ያሉት የዘሩን መስመር የሚቆጥሩት ከሰባት ብቻ ነው።

በ1990ዎቹ ፌሬቶቹ ከተለቀቁባቸው ቦታዎች ዋነኞቹ ባድላንድስና ከጎኑ ያለው ኮናታ ተፋሰስ ናቸው። ኮናታ የሚገኘው ወደ 240,000 ሄክታር በሚጠጋው በባፋሎ ጋፕ ብሔራዊ የሣር ምድር ውስጥ ነው። ይህ መሬት በ1930ዎቹ በድርቅና በድህነት የተነሱ ገበሬዎች ጥለውት የሄዱት፣ መንግሥት መልሶ የገዛው መሬት ነው። ዛሬ በፈቃድ ከብት ይሰማራበታል። እንግዲህ የሣር ምድሩን የሚያስተዳድረው የፌዴራል የደን መሥሪያ ቤት በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ከግል መሬት ጋር በሚዋሰነው ጠርዝ ፕሬሪ ዶጉ እንዳይሻገር መርዝ ይረጫል፤ ወደ ውስጥ ገባ ሲል ደግሞ ያው ፕሬሪ ዶግ እንዳይሞት ቁንጫውን ይገድልለታል። ቁንጫው የሚያመጣው በአውሮፓ ታሪክ ጥቁር ሞት የተባለውን የወረርሽኝ በሽታ ነው። በ2008 ኮናታ ደርሶ ብዙ መንደር ባዶ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ በየጉድጓዱ ዱቄት መንፋትና ፌሬቶችን በሌሊት በመብራት እየፈለጉ፣ በወጥመድ እየያዙ መከተብ የየዓመቱ ሥራ ሆነ።

ጥፋቱን ሁሉ በአርቢው ላይ መጫን ቀላል ነው፤ እኔ አልጭንም። ዝናብ በቀረባቸው ዓመታት የፕሬሪ ዶግ መንደር ሲሰፋ በእርግጥም መሬቱ ይራቆታል። ነገር ግን በመንደሩ ላይ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ሣር ምግብነቱ የላቀ ስለሆነ ጎሽ መርጦ ይግጠዋል። ስለዚህ ፕሬሪ ዶግ ተባይ ነው ብሎ መደምደም አያስኬድም። ገንዘቡ ለመርዝ ከሚወጣ ለአርቢው ካሳ ቢከፈልበት ይሻላል የሚሉት ወገኖች ያሳምኑኛል። በ2020 ከ1988 ጀምሮ በበረዶ ከቆየ ሕዋስ ፌሬት በክሎኒንግ መወለዷ ዓለምን አስደንቆ ነበር። ይሁን እንጂ የምትበላው ፕሬሪ ዶግ ከሌለ ክሎን መሆኗ ምን ይሠራላታል?

የጎሾቹ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአሥር ሚሊዮኖች አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ቀርተው ነበር። የከስተር መንጋ ዘር የመጣው ስኮቲ ፊሊፕ ከተባለ አርቢ መንጋ በ1914 ከተገዙ 36 ጎሾች ነው። እሱ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን የገዛው ጥጆች ከጥፋት አትርፎ ያረባ ከነበረ፣ ፍሬድ ዱፕሪ ከተባለ ነጋዴና ላኮታ ከሚባለው ነባር ሕዝብ ከሆነችው ሚስቱ ቤተሰብ ነው። ለጎረቤቱ ለዊንድ ኬቭ ብሔራዊ ፓርክ 14 ጎሾች በ1913 የመጡት ከኒው ዮርክ ከተማ ከብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ በባቡር ተጭነው ነው። የሜዳው ጌታ ወደ ሜዳው የተመለሰው ከትልቅ ከተማ ነው ማለት ነው።

የቀረውን በፍጥነት ላንሳ። ዊንድ ኬቭ ከ1903 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በዓለም ላይ ዋሻን ለመጠበቅ የመጀመሪያው ነው፤ ጄውል ኬቭ ደግሞ ከእሱ ይረዝማል። ጨለማ ለሚወድ ሁለቱም ደህና ናቸው። ብስክሌተኛ በአሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራው የ175 ኪሎ ሜትር ሚክልሰን ትሬል አለለት። አዳኞች በበልግ (የእነሱ በልግ ኦክቶበር ነው) ፌዛንት የሚባለውን የቆቅ ወገን ወፍ ይተኩሳሉ፤ ወፉ ከእስያ የመጣ ነው፣ የግዛቲቱ ምልክት ከሆነ ግን ከ80 ዓመት በላይ አልፏል። በሚዙሪ ግድቦች ላይ ዓሣ ይጠመዳል፤ የኦሄ ግድብ ሐይቅ የስታንዲንግ ሮክንና የሻየን ሪቨርን ነባር ሕዝቦች ለም መሬት እንደዋጠ የጀልባ ማስታወቂያ አይናገርም። የስተርጂስ የሞተር ብስክሌት ድግስ በኦገስት ነው፤ ጸጥታ የሚፈልግ ያን ሰሞን አይሂድ።

መሬቱ የማን ነው የሚለውን ግን መዝለል አይቻልም። በ1868 የፎርት ላራሚ ውል ብላክ ሂልስ ለላኮታዎች ተረጋገጠ፤ በ1874 በሌተና ኮሎኔል ከስተር የተመራ ጉዞ ወርቅ ማግኘቱን አወራ፤ በ1877 ኮንግረስ መሬቱን ወሰደው። ጎሾቹ የሚነዱበት ፓርክ ስም የወጣለት በዚሁ ሰው ነው። በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አወሳሰዱ ካሳ የሚያስከፍል ነው ብሎ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ። ላኮታዎቹ መሬታችንን እንጂ ገንዘባችሁን አንፈልግም ብለው አልተቀበሉትም፤ ገንዘቡ ባለበት ወለድ እየወለደ ከቢሊዮን አልፏል። በ2016 የግዛቲቱ ከፍተኛ ተራራ፣ 2,207 ሜትር የሚረዝመው፣ በጦር አዛዥ ስም መጠራቱ ቀርቶ በላኮታው መንፈሳዊ ሰው በብላክ ኤልክ ተሰየመ። ወጣ ገባው መንገድ ለጤነኛ ሰው የግማሽ ቀን ነው፤ ጫፉ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ሜዳው ይታያል።

በሮዝበድ ይዞታ የሚኖሩ ላኮታዎች በ2020 በ11,000 ሄክታር ገደማ ላይ ወላኮታ የተባለ የጎሽ ማሰማሪያ ከፍተዋል። ከስተር ላይ ትርኢት የሆነው ሥራ እዚያ ለማኅበረሰቡ ርስት ነው፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚበረክት የማየው በጉጉት ነው።

የባድላንድስ ደቡባዊ ክፍል ደግሞ በላኮታዎች የፓይን ሪጅ ይዞታ ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ቤተሰቦችን አስነስቶ የአየር ኃይል ቦምብ መለማመጃ አደረገው፤ በ1976 ከኦግላላ ላኮታዎች ጋር በተደረገ ስምምነት ለፓርኩ ተጨመረ። በ2012 በአሜሪካ የመጀመሪያው የነባር ሕዝብ ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን የሚያሳስብ ዕቅድ ወጣ፤ ይህን የሚፈቅድ ሕግ ግን ኮንግረስ አላወጣም። እስከዚያው ወደ ደቡቡ የሚሄድ እንግዳ የተቀየሰ የእግር መንገድ አያገኝም። የሚረግጠውን መሬት ባለቤት ማስፈቀድ አለበት፤ መሬት ላይ ያልፈነዳ ጥይት ቢያይ ደግሞ ሳይነካ ቦታውን ለጠባቂዎች ይንገር።